መድረክ ላይ እናንተ የላችሁም

(በሐዋሳ ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ መምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ። በዚህ ሙቀት ከየትምህርት ቤታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ አማርኛ፣ ሒሳብ ወይም ስፖርት እያስተማራችሁ የሙዚቃ ክበቡን ደርባችሁ የያዛችሁ ናችሁ። ልምምዱ ልጆች ከክፍል ከወጡ በኋላ ነው። ውድድር ሲደርስ ደግሞ ቅዳሜያችሁም ይሄዳል። ይህን የምታደርጉት ስለምትወዱት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የውድድሩ ዕለት ልጆቹ ሲወጡ እናንተ ከመጋረጃው ጀርባ ናችሁ። የእኛ የባህል ቡድን ፊት ለፊቱ ቆሞ እጁን የሚያወዛውዝ መሪ የለውም። ክራር አለ፣ ማሲንቆ አለ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ድምፃዊ፣ ተወዛዋዥ። በቃ። ታዲያ ዘፈኑን ማን ያስጀምራል? ማን ይጨርሰዋል? ፍጥነቱ ካመለጠ ማን ይመልሰዋል? የክራር ክር ቢበጠስ ማን ይወስናል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ «ቲቸር» ከሆነ ቡድኑ ገና አልተዘጋጀም። ለውድድር ማዘጋጀት ማለት በእጃችሁ ያለውን ሥልጣን በየሳምንቱ ቆረስ እያደረጋችሁ ለልጆቹ ማስረከብ ነው። ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው።

ደግሞም እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ገብርኤል ማኅሌት ያደራችሁ ታውቁታላችሁ። ዝማሜው በመቋሚያ በእርጋታ ይሄዳል። ከበሮው ሲገባ መረግድ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል። መሪጌታው ከመሃላቸው ሆኖ አብሮ ይዘምራል እንጂ ከፊታቸው ቆሞ ምት አይቆጥርላቸውም። መሸጋገሪያውን ሁሉም ከከበሮው ይሰማሉ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምባላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ የወጣችሁም ቄጣላውን፣ የሕዝቡን የኅብረት ጭፈራ፣ አይታችኋል። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ እግር ከእግር ይገጥማል። ልጆቻችን ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው መምህሩን ቀና ብለው እያዩ መጫወት የሚለምዱት።

ከመቃኘት ልጀምር። ብዙ ቡድን ነጥብ የሚያጣው እዚህ ነው፤ ብዙ መምህርም ከእጁ የማያወጣው ሥራ ይኼው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ክራርና ማሲንቆ በተለምዶ ለብቻ ወይም ከአንድ ድምፅ ጋር የሚሄዱ መሣሪያዎች ናቸው። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው። ማንንም አይጠይቅም። የተለያየ አካባቢ መሣሪያዎችን ሰብስቦ እንደ አንድ ትልቅ ቡድን ማጫወት ቅርብ ጊዜ የመጣ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ሊቅ ሃሊም ኤል-ዳብ አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ያደረገው ይህንን ነበር። በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ዛሬ የየትምህርት ቤቱ የባህል ቡድን የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ልጆቹ «ለምንድን ነው የማይገጥመው?» ብለው ሲቸገሩ ስንፍና አይምሰላችሁ። ለየብቻ ለመጫወት የተሠሩ መሣሪያዎችን ነው አንድ ላይ የያዙት።

ታዲያ በማን እንቃኝ? በዋሽንቱ። ምክንያቱም ዋሽንት አይቃኝም። ሸምበቆው ተቆርጦ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ድምፁ ያው ነው። ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው። ክራሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። ማሲንቆውም እንዲሁ። ዋሽንቱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ወደ እሱ ይሂዱ።

እኛ ቡድን ውስጥ ዋሽንት የምትነፋው የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ልምምድ ላይ ከሁሉ ኋላ ነበር የምትቀመጠው። መቃኘቱን ለእሷ ከሰጠናት ወዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ ለብቻዋ ትንሽ ትነፋለች፤ ቀዝቃዛ ዋሽንት ድምፁ ዝቅ ስለሚል በትንፋሿ ታሞቀዋለች። ከዚያ እጇን ታነሣለች። ሁሉም ጸጥ ይላል። አንድ ድምፅ ብቻ ረዘም አድርጋ ትነፋለች። መጀመሪያ ማሲንቆው ይገጥማል። ቀጥሎ አንደኛው ክራር። ሁለተኛው ክራር ሲገባ ጆሯችሁን ካቀናችሁ አንድ ነገር ትሰማላችሁ፤ ድምፁ ይርገበገባል፣ ዋ ዋ ዋ ይላል። የአንዱ ክር በሰከንድ 220 ጊዜ፣ የሌላው 222 ጊዜ ቢርገበገብ ያ ዋዋታ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ልጁ ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ ቀስ አድርጎ ሲያዞር ዋዋታው ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ልጁም ፈገግ ይላል። ልጅቷ ለሱ ጭንቅላቷን ትነቀንቅና ወደሚቀጥለው ክር ታልፋለች። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ያንን ዋዋታ ልጆቻችሁን አስሰሟቸው። አንዴ የሰማ ጆሮ አይረሳውም። ስልክ ላይ የሚጫነው መቃኛ አፕ ይጠቅማል፣ አልቃወምም። ጫጫታ ባለበት ከመጋረጃ ጀርባ ሲሆን በጣም ይረዳል። ግን አፑ የሚለካው በፒያኖው 12 ድምፅ ነው። ክራር የሚያስተምሩ ሰዎች በጆሯቸው የሚቃኙት አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ሁልጊዜ በዚያ ልክ ላይ አይወድቅም። ከአረንጓዴዋ መብራትና ከልጁ ጆሮ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እኔ ጆሮውን ነው የምመርጠው።

አየሩን አትርሱ። እኛ ሐይቅ ዳር ነን። ከበሮ ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ድምፁ ይወፍራል። ፀሐይ ሲያገኘው ይወጠራል። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ከበሮ ማታ ላይ ከአሞራ ገደል በኩል በሚመጣው ነፋስ ሌላ ከበሮ ይሆናል። የክራር ክር በተለይ ብረት ከሆነ ሲሞቅ ይላላና ድምፁ ይወርዳል፤ ዋሽንት ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ ይወጣል። ጥላ ውስጥ ተቃኝታችሁ አምፖል የሚነድበት መድረክ ላይ ስትወጡ ሁለቱ በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ማወቅ አለባቸው። ካወቁ ሲወጡ አይደነግጡም፤ ዋሽንቷን ሰምተው ባሉበት ያስተካክላሉ። ማሲንቆ የሚጫወተውም የደጋኑን ጭራ የሚያሽበትን ዕጣን ኪሱ ይያዝ። ክራር የያዘ ትርፍ ክር ይያዝ። እነዚህን የሚያስታውሰው የመሣሪያው ባለቤት ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ወደ ዘፈን ምርጫ ልለፍ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ላትስማሙ ትችላላችሁ።

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ኅዳር 29፣ ሲቃረብ፣ ወይም የክልል ውድድር ሲመጣ፣ ሁሉም ቡድን ቅልቅል ይዞ ይመጣል። በአምስት ደቂቃ የስድስትና የሰባት ብሔረሰብ ዘፈን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሐዋሳ ክፍል ውስጥ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞ፣ የአማራና የሌላውም ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ነገር ግን ሰባት ዘፈን በአምስት ደቂቃ ሲሆን አንዱም አይዘፈንም። ተመልካቹ ገና «ይሄን አውቀዋለሁ» ሲል አልቋል። ልጆቹም ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያውን ብቻ ሲፈሩ ይከርማሉ።

የቅኝት ነገርም አለ። ቅኝት ማለት ዘፈኑ የሚሄድባቸው ድምፆች ስብስብ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ እንደሚባሉት። ክራር ላይ ክሮቹ የሚቃኙት ለአንድ ቅኝት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን፣ ግማሽ ድምፅ ማውረድ ያስፈልጋል። ይህን ጥሩ ልጅ በፍጥነት ያደርገዋል። ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ያውም ዳኛ እያየ፣ ሞንታርቦ እየጮኸ። ስለዚህ ወይ በአንድ ቅኝት የሚሄዱ ሁለት ዘፈኖች ምረጡ፣ ወይ ሁለት ክራር ለየቅኝቱ ቃኝታችሁ ውጡ፣ ወይም ክራሩ እስኪቃኝ ዋሽንቱና ከበሮው ብቻቸውን የሚሄዱበት ቦታ አዘጋጁ። ይህ ሦስተኛው በጣም ያምራል። ታዳሚው ለመቃኘት እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ዋሽንቷን ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ምርጫውን ከልጆቹ ጋር አድርጉት። እናንተ ሦስት አራት ዘፈን አቅርቡ፣ እነሱ ይምረጡ። ሲመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ፤ ደክሟችሁ፣ ደንግጣችሁ፣ አንድ ሰው ጎድሎባችሁ ይህን ዘፈን ትጫወቱታላችሁ ወይ? በልምምድ ቤት አንድ ቀን የተዋጣለት ከባድ ዘፈን ይማርካል። ውድድር ግን ያንን ቀን ጠብቆ አይመጣም።

ዘፈኑ የማን ቋንቋ እንደሆነም ይታሰብበት። በሲዳሙ አፎ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ቃሉ ይለወጣል። በድምፅ ቅጂ ሰምቶ የሸመደደ ልጅ ዜማውን አሳምሮ ቃሉን ሊያበላሽ ይችላል። ከክፍል ጓደኞቹ መካከል ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነች ልጅ ቁጭ አድርጋ ታርመው። ቡድኑ ውስጥ ባትኖርም ጥሯት። ከተቻለ እናት አባቷን፣ አያቷን ጠይቃ ትምጣ፤ ዘፈኑ ለምን ጊዜ እንደሚዘፈን፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ሴት ነው ወንድ የሚዘፍነው የሚለውን። የሽማግሌዎችን ዜማ ልጆች እየተሯሯጡ ሲጨፍሩበት ማየት አዋቂን ያሳዝናል። ዳኞቹ መካከል እንዲህ ያለ አዋቂ ከተቀመጠ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ባያያችሁም የሰዎች ነገር ነውና በክብር መያዝ አለበት።

አሁን ከበሮው። ፍጥነቱን የምታስረክቡት ለከበሮ መቺው ነው። ግን መድረክ ላይ ልብ ይመታል፤ ልብ ሲመታ እጅ ይከተላል። በደቂቃ 100 ምት የተለማመዳችሁት ዘፈን 115 ቢሆን ድምፃዊቷ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተወዛዋዦቹ እስክስታውን መጨረስ አይችሉም። ችክችካ የሚባለው ምት ደግሞ ሲፈጥን ልስላሴው ይጠፋና መደብደብ ይሆናል። «አትፍጠን» ብሎ መምከር ምንም አይጠቅምም። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከበሮ መቺውን ሜዳውን ሁለት ዙር አስሮጠዋለሁ። እያለከለከ ይመጣና ወዲያው ዘፈኑን ያስጀምራል። ስልኬ ላይ ያለውን ሜትሮኖም፣ የምት መቁጠሪያውን፣ ለሱ ሳላሳይ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሌም ይፈጥናል። ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያበጃል፤ ከመምታቱ በፊት የድምፃዊቷን የመጀመሪያ ስንኝ በልቡ ይዘፍናል፣ ፍጥነቱን ከእሱ ይወስዳል። ይህን ዘዴ ልጁ ራሱ ነው ያገኘው። ላብ እያንጠባጠበ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጀምር ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልበል። ኪቦርድ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የኪቦርድ ሪትም አትጠቀሙ። አውቃለሁ፣ ይቀላል። ፍጥነቱ አይለወጥም፣ ድምፁም ይሞላል። ግን ያ ቁልፍ ከተጫነ ጀምሮ ቡድኑን የሚመራው ማሽኑ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ መደማመጥ ያቆማሉ። ድምፃዊቷ አንድ ስንኝ ብትዘገይ አይጠብቃትም። መብራት ቢሄድ ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። ከበሮ የያዘ ልጅ ግን ይጠብቃታል። መብራት ቢሄድም ይመታል።

ልምምዱ እንዴት ይሁን ላላችሁኝ፣ ዘፈኑን ከጥግ እስከ ጥግ መደጋገም ብዙ አይጠቅምም። አጀማመሩንና አጨራረሱን ለይታችሁ ሥሩ። ማን ትንፋሽ ወስዶ ያስጀምራል? የመጨረሻውን ምት ማን ይመታል፣ ሌሎቹስ ማንን ያያሉ? ዳኛ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አይረሳም። ከዚያ ደግሞ አውቃችሁ አበላሹባቸው። በዘፈኑ መሃል የአንዱን ክራር ተጫዋች ትከሻ ነካ አድርጉት፤ ያቁም። ክሩ ተበጠሰ ማለት ነው። ሌላው ክራር ምን ያደርጋል? ማሲንቆው ቦታውን ይሞላል ወይስ ሁሉም ዘወር ብለው ያዩታል? መጀመሪያ ሰሞን ዘወር ብለው ያያሉ። ቆይተው ግን ያለ ምንም ቃል መሸፈን ይለምዳሉ። አንዳንዴም ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ አጫውቷቸው። ዓይን ሲጠፋ ጆሮ ይሠራል። እናንተ ደግሞ ውድድሩ ሲቃረብ ከክፍሉ ውጡ። በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። ሲከራከሩ ብትሰሙ አትግቡ። «አንተ ነህ የፈጠንከው»፣ «አይ አንቺ ነሽ የዘገየሽው» የሚለው ክርክር እነሱው ጋ ተጀምሮ እነሱው ጋ ካለቀ ቡድኑ ደርሷል።

የድምፅ ሥራውን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ተማሪ ሳውንድማኑን የማነጋገር ኃላፊነት ይኑረው። ከመድረክ በፊት ሄዶ «ጋሼ፣ ማሲንቆው ስስ ድምፅ ነው፣ ማይኩን ወደ ቆዳው ያቅርቡልን፤ ከበሮው ማይክ አይፈልግም» ብሎ በትህትና የሚናገር። ትልልቆቹ ሳውንድማኖች ልጅ እንዲህ ሲያናግራቸው ደስ ይላቸዋል፣ ይተባበራሉም። መምህር ከርቀት እጁን እያወናጨፈ ከሚጮህ ይህ ይሻላል።

ስለ ድምፃዊዋ ደግሞ። ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ ስትገኝ ቡድኑ ሁሉ የእሷ አጃቢ ይሆናል። ወላጆችም «የእኔ ልጅ ለምን ከኋላ ቆመች?» ብለው ይመጣሉ። እኔ ድምፃዊዋን ሲቃኙ አብራ እንድትቀመጥ፣ ሌሎቹም አንድ ስንኝ እየተቀበሉ እንዲዘፍኑ አደርጋለሁ። ክራር የሚጫወት ልጅ ግጥሙን ካወቀ የት እንደምትተነፍስ ያውቃል። ተቀባዮች ያሉት ዘፈን ከሆነ ሁሉም ተቀባይ ነው፤ ማሲንቆ የያዘውም ጭምር።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ለውድድር ሲባል ከውጭ ተጫዋች መዋስ ተለምዷል። ክራሩ የደከመ ይመስላቸውና ማታ ማታ የሚሠራ ባለሙያ ይጠራሉ፣ ዩኒፎርም ያለብሱታል። ዋንጫ ሊመጣ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ጣቱ እስኪላጥ የተለማመደው ልጅ ግን ታዳሚ መሃል ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው እጅ ያያል። ያ ልጅ ክራር እንደገና ይይዛል ወይ? እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከደከመ ዘፈኑን አቅልሉለት። ከአምስቱ ድምፅ ሦስቱን ብቻ በምቱ ላይ ይምታ፣ በትክክል ይምታ። ቀላል ነገር በልኩ ሲሠራ ጆሮ ይወደዋል።

ውጤት ሲነገር ምን እንደምትሏቸው አስቀድማችሁ አታሰናዱ። ይልቅ በማግሥቱ ሰብስቧቸውና እነሱ ያውሩ። የዳኞቹ አስተያየት በወረቀት ከተሰጠ ለዋሽንቷ ልጅ ስጧት፣ ታንብበው። ስለ ፍጥነት የተባለውን ከበሮ መቺው ይመልስ። ስለ ቃል አነጋገር የተባለውን ድምፃዊዋ። ተስማምተውበት ወይም ተከራክረውበት ይለፉ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸውን ወስደው ይወጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከታች ክፍል አንድ ልጅ አብሮ ይቀመጥ፤ ከበሮ መቺው ሲሮጥ አብሮት ይሩጥ፣ ዋሽንቷ ስትቃኝ አጠገቧ ይስማ። የሚያስተምረው ትልቁ ተማሪ ነው። ይህን ከመስከረም ጀምሩት፤ ኅዳር ላይ ከደረሳችሁ ጊዜ የለም።

እኔ ጨርሻለሁ። ክራር ይዛችሁ የመጣችሁ አምስት ስድስት ሰዎች አይቻለሁ። ከሻይ በኋላ እዚሁ እንገናኝና የነገርኳችሁን ዋዋታ አብረን እንስማው። ዋሽንት እኔ ይዣለሁ።